የድካም ማስረጃ

ተናኘ በጫማ ፋብሪካው የስፌት ክፍል ውስጥ ከሁሉም ፈጣኗ ሰፊ ነበረች። ይህን የምትለው እሷ ሳትሆን አብረዋት የሠሩት ናቸው። ሥራ ሲያልቅም አትዝልም። ከጎኗ የምትሰፋው ጓደኛዋ ሰርኬ ገና ሰርቪሱ ሳይንቀሳቀስ እንቅልፍ ሲጥላት፣ ተናኘ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ ወሬ እያወራች ትመጣለች። ማዞሪያው ላይ ወርዳ የታክሲው ሰልፍ ከረዘመባት "ማን ይቆማል!" ብላ ወደ ቀራንዮ በእግሯ ትነካዋለች። ባሏ ጋዲሳ ገና ሲያገባት የገረመው ይኸው ነበር። ሴራሚክ ሲያነጥፍ ውሎ፣ ጉልበቱ ዝሎ ሲገባ፣ እሷ ወጥ ሠርታ፣ ልብስ አጥባ፣ ደግሞ ጎረቤት ልትጠይቅ ስትወጣ ያገኛታል።

"ቀስ በይ እንጂ፤ ማን ያባርርሻል?" ይላታል።

"አንተ ተኛ፤ እኔ መጣሁ" ትለዋለች።

የሚኖሩት ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በወይዘሮ ብርቅዬ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። ልጅ አልወለዱም። መጀመሪያ ላይ ያዘኑበት ነገር ነበር፤ በኋላ ግን ስለ እሱ ማውራት ትተው እርስ በርስ መተሳሰብ ያዙ።

በሽታው የጀመረው በአንድ ክረምት ነው። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማት። ግቢው ሁሉ ታሞ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ዳነ። ተናኘንም ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሳሉም ተዋት። ድካሙ ግን ቀረ።

"ጉንፋን ነው፤ ሲለቅ እንዲህ ያደርጋል" አሏት። "አጥሚት ጠጪ" አሏት። ጠጣች። ጠዋት ስትነቃ ድንጋይ ስትሸከም ያደረች እየመሰላት ትነሳለች። ፀጉሯን ልታበጥር እጇን ስታነሳ ትከሻዋ ይዝልና ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሁሉ የከፋው ግን ድካሙ በሰዓቱ አለመምጣቱ ነው። ዛሬ ብትሠራ ዛሬ ደህና ትሆናለች፤ የሚጥላት በማግስቱ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ሲጥላትም እንደ ሰው ድካም ተኝተው የሚነሱት አይደለም፤ ቃል እንኳ ይጠፋባታል። "ጨው አቀብለኝ" ለማለት ፈልጋ ጨው የሚለውን ስም ስትፈልግ ትቆያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ እንደተከፈተ አእምሮዋ ጥሏት ሄደ። መርፌው ጠቋሚ ጣቷን ከነጥፍሯ በሳት። ማሽኖች ቆሙ። ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጣ፤ ሰርኬ አለቀሰች፤ የማያውቋት ሠራተኞች ሳይቀሩ ከበው "እኔን! እኔን!" አሏት። ከታመመች ወዲህ እንዲህ የታዘነላት ያን ቀን ብቻ ነው። የፋብሪካው ነርስ ጣቷን አሰረችና "በሥራ ላይ የደረሰ የጣት ጉዳት" ብላ መዘገበች።

"እህቴ፣ የበሳኝ እኮ ድካሙ ነው" አለቻት ተናኘ። "እሱንም ጻፊልኝ።"

ነርሷ ፈገግ አለች። "ድካም የሌለበት ማን አለ? እኔስ መች አረፍኩ?"

ጣቷ ዳነች። እሷ ግን የሕመም ፈቃዷን እስከ መጨረሻው ተጠቀመችበት፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ፋብሪካው በደብዳቤ አሰናበታት።

ከዚያ በኋላ የምርመራ ዘመን መጣ። ደሟን ቀዱ፤ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባ፣ እንቅርት፣ አንድ በአንድ አዩላት። የሚወጣው ወረቀት ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ኖርማል። ጋዲሳ መጀመሪያ መጀመሪያ "ተመስገን!" እያለ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ያስገባ ነበር። እየቆየ ሲሄድ "ተመስገን" ማለቱን ተወ። ዝም ብሎ ያጥፈዋል።

አንድ ጠዋት ተናኘ ወደ መድኃኔዓለም ሄደች። እስከ ቅጥሩ ደርሳ መግባት ስላቃታት ግንቡን ተደግፋ ቆመች። የመጣችው እንዲምራት ልትለምን ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። "አንድ ነገር ይገኝብኝ" አለች። "ስም ያለው ነገር። የፈለገው ይሁን።" ያለችውን ስትሰማ ደነገጠች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ግንቡን ሳመችና ተመለሰች። ይህን ለጋዲሳ ነገረችው። እሱ ጫማዋን አውልቆላት እግሯን አልጋው ላይ አወጣላት።

ስለ ጡረታው የነገረቻቸው ሰርኬ ናት። አንድ እሑድ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ጀመረች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ጡረታ ሲቆረጥብሽ ኖሮ ዝም ትያለሽ እንዴ? መሥራት አትችልም ብሎ የሐኪሞች ቦርድ ከወሰነ እኮ የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባል አለ። የቆዳ ቆረጣ ክፍሉ ፍቅረማርያም ወገቡ ተሰብሮ ያገኘው እሱን አይደል?"

"ፍቅረማርያም በዊልቸር ነዋ የገባው" አለች ተናኘ። "እኔ ምን ላሳያቸው?"

ሰርኬ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

መልሱን የሞከረችው ዶክተር ምህረት ናት። በመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምትሠራ ወጣት ሐኪም ስትሆን፣ ተናኘን አቋርጣ ሳትናገር እስከ መጨረሻው የሰማቻት የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች። ሰምታ ስትጨርስ "አምንሻለሁ" አለቻት። ተናኘ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች።

"አንዳንድ ሰው ላይ ከኢንፌክሽን በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይቀራል" አለች ዶክተር ምህረት። "ችግሩ በራጅም በደምም አይታይም። ቦርዱ ፊት ደግሞ የምትቆዪው ለትንሽ ጊዜ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጻፊ። ምን ሞከርሽ፣ የት ላይ አቆምሽ፣ በማግስቱ ምን ሆንሽ። እኔ ደግሞ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።"

ጋዲሳ ያን ቀን ሲመለሱ ደብተር ገዛ። ተናኘ አልጋ ላይ ተደግፋ መጻፍ ጀመረች።

"ሽንኩርት መላጥ ጀምሬ ተውኩት። ጋዲሳ ጨረሰው።"

"ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ ቧንቧው ጋ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቅዬ ሰው ትጠብቂያለሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።"

"ሰርኬ ደወለች። ስታወራ መስማት አቃተኝ። ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።"

ጋዲሳ ማታ ማታ ያነበውና ይናደዳል። "ለምን አሳጠርሽው? ወድቀሽ አልነበር?"

"አልወደቅኩም፤ ቁጭ ነው ያልኩት።"

"ቁጭ ያልሽውማ እግርሽ ከድቶሽ ነው! እሱን ጻፊው!"

ግን መጻፍ ይከብዳታል፤ እጇን ብቻ አይደለም። ልጅ ሆና እናቷ ያስተማረቻት ደክሞሽም ቢሆን ሰው ሲመጣ ተነሽ የሚል ነው። አሁን ደግሞ በየቀኑ የተሸነፈችበትን እየለቀመች ማስቀመጥ ሊኖርባት ነው። ክፉ የሚሆንባት ቀን ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ አትጽፍም። እስክሪብቶው ይከብዳታል፤ ፊደሉ ይሸሻታል። ጋዲሳም በእነዚያ ቀናት ከሥራ ሲመለስ ሊያጎርሳት፣ ሊያለባብሳት ሲሯሯጥ ደብተሩ ትዝ አይለውም።

ምስክር ቢኖር ይጠቅማል ስለተባለ ጋዲሳ ወይዘሮ ብርቅዬን ለመናቸው።

"እትዬ፣ ቃልዎን በጽሑፍ ቢሰጡልኝ፤ ሁልጊዜ ያዩዋት የለ?"

ወይዘሮ ብርቅዬ ክፉ ሴት አይደሉም። ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ባለፈው ልብስ ስታሰጣ አይቻታለሁ። ለኔ ቆማ ስትሄድ ነው የምትታየኝ። አላየሁም እንጂ አልታመመችም አልልም። በመድኃኔዓለም ፊት ያላየሁትን አየሁ ብዬ ግን አልፈርምም።"

ልብስ ያሰጣችውን ቀን አይተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ቀናት ተናኘ በር ዘግታ ነው ያሳለፈቻቸው።

የጋዲሳ ታናሽ እህት ኤቢሴ ከተማው ዳር፣ ሳንሱሲ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ቤት ታጸዳለች፣ ለሳምንት የሚሆን ወጥ ትሠራለች። ከሥራ ውላ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ነው የምትመጣው። አንድ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ድስት እያጠበች ለወንድሟ በኦሮምኛ "እኔስ አይደክመኝም? ልጅ የላት፣ ሥራ የላት፣ ምን አደከማት?" አለችው። ተናኘ አይገባትም ብላ ነው። ተናኘ ግን ከጋዲሳ ጋር በኖረችበት ዘመን ኦሮምኛውን ለምዳዋለች። ጋዲሳ "ዝም በይ" ብቻ ነው ያለው። ያን ቀን ደብተሩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

የቦርዱ ቀጠሮ ሲደርስ ተናኘ ቀደም ብላ ለቀናት እረፍት አደረገች። ምንም ሳትነካ፣ ከሰው ሳታወራ፣ መጋረጃ ዘግታ ተኛች፤ አለዚያ ከቤት መውጣት እንደማትችል ታውቃለች። በዕለቱ ሰርኬ መጥታ ፀጉሯን ሠራችላት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች።

"እንደ ለማኝ ሆኜ አልቀርብም" አለች።

ጋዲሳ ሊላት የፈለገው ነገር ነበረ፤ ደስ ብሏት ስላያት ተወው።

ቦርዱ የሚቀመጥበት ክፍል ትንሽ ናት። ሦስት ሐኪሞች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰብሳቢ፣ በግራው አንዲት ሴት፣ በቀኙ አንድ ጎልማሳ። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል፤ ክራንች የያዘ፣ በሰው ጀርባ የታዘለ፣ ዓይኑ የተሸፈነ።

"እንዴት ነሽ?" አላት ሰብሳቢው።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

አፏ ነው የመለሰው። ሰው እንዴት ነሽ ሲላት ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ጎልማሳው ሐኪም አንድ ነገር ጻፈ።

"እጄን ጨብጪ" አላት ሰብሳቢው። ጨበጠችው። ቆዳ ስትስብ የኖረች እጅ ናት፤ ጥሩ ጨበጠች። "ቁሚ። ተቀመጪ። በእግር ጣትሽ ቁሚ።" ሁሉንም አደረገች። ፋይሏን ገለጠ። "ጣትሽን አሳዪኝ። ይሄ ድኗል።"

"አቤቱታዬ የጣት አይደለም፣ ዶክተር። ድካም ነው።"

"ምን ዓይነት ድካም?"

ተናኘ ስትዘጋጅበት የከረመችውን ልትናገር ሞከረች። ድንጋዩን፣ ማበጠሪያውን፣ የሚጠፋባትን ቃል። ስትናገረው ለራሷም ትንሽ ነገር መሰላት። ደብተሩን ሰጠችው። ሰብሳቢው ቀስ እያለ ገለጠው፤ ለመናቅ አልነበረም፤ እያነበበ ነው።

"እነዚህ ባዶ የተተዉት ቀኖች ደህና የነበርሽባቸው ናቸው?"

"አይ! እነሱማ የባሱት ናቸው። በእነሱ ቀን እስክሪብቶ መያዝ አልችልም።"

ሰብሳቢው ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። ሴቷ ሐኪም የሆነ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት በር ተንኳኳ፣ ኮሪደሩ ላይ የታዘለው ሰውዬ አባት ራሱን ብቅ አደረገ። ሴቷም ጥያቄዋን ተወችው።

"እኅቴ፣ ያልተጻፈውን ልናነብ አንችልም" አለ ሰብሳቢው። "ውጤቱን በቢሮ በኩል ትሰሚያለሽ።"

ተናኘ ቀጥ ብላ ወጣች። በታክሲው ውስጥ ጋዲሳ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ግቢ ሲደርሱ መውረድ አቃታት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት መጋረጃው አልተከፈተም። ጋዲሳ ውኃ በማንኪያ ነበር የሚያጠጣት። ውሳኔው የመጣው እሷ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ነው፤ "ቀላል ሥራ ለመሥራት ብቁ ናት" ይላል። ጋዲሳ ወረቀቱን እንደያዘ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አያት።

"አሁን ባዩሽ!" አለ። "አሁን፣ አሁን ባዩሽ ምን ይሉ ነበር?"

ይህቺ አባባል ከአፉ ከወጣች በኋላ ከልቡ አልወጣችም።

ዶክተር ምህረት ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ቦርዱ እንደገና እንዲያያት አስፈቀደች። ቀጠሮው ሲቃረብ ተናኘ በጥቂቱ ተሽሏት ነበር፤ ተነስታ ሻይ ማፍላት፣ በር ላይ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀምራለች። ጋዲሳ ከሥራ ቀርቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

"ተኑ... በዚህኛው ባታርፊስ?"

ገብቷታል። እንዳልገባት ሆና "ምን ማለትህ ነው?" አለችው።

"አርፈሽ ስትሄጂ ጤነኛ ሆነሽ ነው የሚያዩሽ። አንቺን አይተው አያውቁም እኮ። ደክመሽ ሂጂ። ያለሽበትን ይዩት።"

ተናኘ አልጋው ላይ የተነጠፈውን ብርድ ልብስ በእጇ ዳበሰችው።

"ብርድ ልብሶቹ መታጠብ አለባቸው" አለች ተናኘ በመጨረሻ።

ከቀጠሮው በፊት፣ ድካሙ በዕለቱ እንዲደርስ አስልተው፣ ብርድ ልብሶቹን፣ ጋቢዎቹን፣ መጋረጃውን ሁሉ ግቢው ውስጥ አወጡ። ጋዲሳ ውኃ ቀዳላት፤ ከዚያ ወዲያ እንዳይረዳት ተስማምተዋል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እጇ የድሮውን አስታውሶ ፈጠነ። ጋዲሳ ግድግዳውን ተደግፎ ያያል፤ አንድ ጊዜ ወደ እሷ ይራመዳል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ወይዘሮ ብርቅዬ ከገበያ ሲገቡ ቆሙ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! በረታሽልን!" ብለው እልል አሉ።

ተናኘ ቀና ብላ ፈገግ አለችላቸው።

ሁለተኛው ብርድ ልብስ ላይ ከንፈሯ ነጣ፤ ሳሙናው ደጋግሞ ከእጇ ወደቀ። ጋዲሳ አልቻለም፤ መጥቶ ሳፋውን ያዘ።

"ይብቃ። በቃ ተይው።"

"ገና ነው" አለችው።

"ተናኘ፣ በቃ አልኩሽ!"

"ገና ቆሜ እሄዳለሁ። ገና አወራለሁ። ይሄ ለእነሱ አይበቃቸውም።" እጁን ከሳፋው ላይ አነሳችና ማሸቷን ቀጠለች። ጋዲሳ ፊቱን አዙሮ ቆመ። አጥባ፣ ጨምቃ፣ አሰጥታ ነው የጨረሰችው።

የቀጠሮው ቀን አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ሰልፍ ይዘው በታክሲ ሄዱ። የሰልፉን ግማሽ ቆመች፤ ቀሪውን የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚው ላይ ተኛች፤ ሰዎች ተነስተው ቦታ ለቀቁላት። ስሟ ሲጠራ ጋዲሳ ደግፎ አስገባት።

"እንዴት ነሽ?" አላት ያው ሰብሳቢ።

ተናኘ አየችው። መልሱን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ዕድሜዋን ጠየቃት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሳ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ የልብ ትርታዋን ያዘ። ሴቷ ሐኪም የደም ግፊት መለኪያ አመጣች። ሁለቱም ከልባቸው ደንግጠዋል።

"ይቺ ሴት አጣዳፊ ሕመም ላይ ናት! በዚህ ሁኔታ እንዴት ታመጣታለህ?" አለ ሰብሳቢው ወደ ጋዲሳ ዞሮ። "ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት!"

"ይሄ ነው እኮ!" ጋዲሳ ጮኸ። "ዶክተር፣ ይሄ ነው በሽታዋ! እዩልኝ፣ እንዲህ ነው የምትሆነው! አሁን ጻፉልኝ!"

"ወንድሜ፣ ተረጋጋ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው አይገመገምም። የሥራ ችሎታ የሚመዘነው በሽተኛው ሲረጋጋ ነው። ትታከም፣ ሲሻላት ትመለስ።"

"ሲሻላትማ አልታመመችም ትሉኛላችሁ!"

አልጋ እየተገፋ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ግሉኮስ ተከሉላት፤ ደም ወሰዱ፤ ልቧን አዩ። የወጣው ወረቀት እንደ ወትሮው ነበር። ቤቷ ሄዳ ትረፍ ተባለች።

ተናኘ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ነበረችበት እንኳ አልተመለሰችም። ድሮ እስከ ቧንቧው ትደርስ ነበር፤ አሁን እስከ በሩ አቃታት። ብርሃን ያማታል። ሰው ሲያወራ ድምፁ ራስ ቅሏ ውስጥ ይወጋታል። ጋዲሳ ለዶክተር ምህረት ያደረጉትን ነገራት። እሷ አልተቆጣችም፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

"ይሄ በሽታ ሲገፉት የሚብስ ነው" አለች። "አጥብቄ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።"

"ይመለሳል?"

"አንዳንዱ ይመለሳል" አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

ጋዲሳ ዶክተሯ የጻፈችለትን አዲስ ደብዳቤ ይዞ ወደ ቦርዱ ቢሮ ሄደ። ሠራተኛዋ አነበበችና "በአካል መቅረብ አለባት" አለችው።

"መቀመጥ አትችልም እኮ፤ መኪና ውስጥ ያለው ንቅናቄ ብቻ..."

"ይገባኛል። ግን ባለጉዳዩ ሳይታይ ቦርድ አይወስንም። ሲሻላት አምጣት።"

በዚሁ ሰሞን የወይዘሮ ብርቅዬ ልጆች አሮጌውን ቤት አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ስለሆነ ተከራዮቹ እንዲለቁ ተነገራቸው። ሌላ ቤት ለማግኘት ጋዲሳ ብዙ ዞረ፤ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ጸጥ ያለ፣ አቅሙ የሚችለው አላገኘም። ኤቢሴ ሳንሱሲ ያለችውን ሁለተኛ ክፍሏን ለቀቀችላቸው። ዕቃቸው ፒካፕ ላይ ተጫነ፤ ተናኘ ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ ከኋላ በፍራሽ ላይ ተኛች። ወይዘሮ ብርቅዬ መኪናውን ይዘው "እኔ መች አወቅኩ፤ እኔ መች አወቅኩ" እያሉ አለቀሱ። ጋዲሳ እጃቸውን ቀስ ብሎ ከመኪናው አላቀቀ።

ገላዋን የምታጥባት ኤቢሴ ሆነች። መጀመሪያ ባጠበቻት ቀን ክንዷን ስታነሳው ክንዱ ተመልሶ ወደቀ፤ ስታነሳው ወደቀ። ኤቢሴ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንዳያማት ተጠንቅቃ፣ "ይቅር በይኝ፤ አላመንኩሽም ነበር" አለቻት።

"ሰምቼሻለሁ" አለች ተናኘ። "ያኔ ድስት ስታጥቢ።"

ኤቢሴ ተደፍታ አለቀሰች። ካመነችበት ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ነው የምታገለግላት። ግን የኤቢሴ ማመን የትም ቢሮ አይገባም፤ ማኅተም የለውም።

አንድ ጠዋት ጋዲሳ ለሥራ ለባብሶ ሲያበቃ አልወጣም። ሲሚንቶ የለመደው ሱሪውን እንደለበሰ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሥራ ቦታው ቦሌ ወዲያ ነው፤ ማርፈዱን ያውቃል።

"ተኑ" አላት። "አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም።"

የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሶ አለበሳት።

"እኔ ነኝ ያስለፋሁሽ። አታርፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስደቢኝ፤ አውጪው። ዝም ስትይኝ ሥራ ላይ እጄ አይሠራልኝም።"

ተናኘ ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየሰበሰበች እንደሆነ ያውቃል፤ ጠበቃት።

"ለመቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ጋዲ" አለችው።

"እሺ ስትበረቺ ትቆጪኛለሽ?"

ይህንን የጠየቀው ለራሱ ነበር፤ መልሱን ከዶክተሯ ዝምታ ሰምቶታል። ተናኘም አላታለለችውም። ጣቶቿን ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አንቀሳቀሰች፤ እጁን ሰጣት፤ ያዘችው። መጨበጥ ግን አልቻለችም፤ እጇ እጁ ላይ ተቀመጠ እንጂ።

ኤቢሴ ከውጭ "ጋዲ፣ ታክሲው እያለፈህ ነው" አለችው። ተነሳ፤ መጋረጃውን አስተካክሎ ዘጋና ወጣ። ተናኘ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጡም አደከማትና ተወችው።